ግማሽ ጣራ

ሃል ትባላለች፤ የሐዲድ ማብቂያ፣
ሆን ብለው ካልመጡ የላትም ማለፊያ።
ወንዟ ሻይ በወተት፣ ሰማይዋ አመድ፣
ስልክ ቤቷ እንኳ ነጭ፣ ከቀይ ላትዛመድ።
ዝና ብለን ስንጣራ ዝናብ አቤት አለ፤
ፊደል ተጨመረ፣ ስሙ ተጓደለ።

ከዓሣ ፋብሪካው ጀርባ አንድ አሮጌ አዳራሽ፣
ቤት ለሌለው ሁሉ የሌሊት ትራስ፤
ጣራው ግን ያፈሳል፤
ሰውና ባልዲ ጎን ለጎን ይተኛል፣
አንዱ ያንኮራፋል፣ አንዱ ይሞላል።

ጣጣውን ያመጣች ግሌንዳ ነበረች፤
ቀን ዓሣ ስትሰነጥቅ ውላ፣ ማታ መጠጥ ቤት ታዜማለች።
«ገንዘብ የሌለው ሰው ዘፈን ያዋጣ፤
ሲዲ እናሳትመው፣ ጣራው ከዚያ ይምጣ።
ታዲያ ስለ ሃል ይሁን፤ ስለ ፍቅር በቃን፤
ፍቅር ጣራ ቢሆን ይሄኔ በደረቅን።»

ማክሰኞ ማክሰኞ ተሰበሰብን።
ሼርዛድ ፀጉር አስተካካዩ፣ ሳዙን እንደ ልጅ አዝሎ፣
(አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ እዚህ፤ ዛሬም «እንግዳ» ተብሎ)፤
መንትዮቹ ፕሪስኮቶች፣ ከበሮን እንደ ባለዕዳ የሚመቱ፤
ኬኔት አሮጌው መርከበኛ፣ መለከት ይዞ፣ ከነሳሉ ከነሽበቱ፤
አንዲት የዩኒቨርሲቲ ልጅ፣ ቼሎዋ ከሷ የሚበልጥ፣
ስሟን ሲጠይቋት የምትንቀጠቀጥ፤
እኔ፣ ድምፅ ቀራጩ፣ ገመድ ስጠቀልል ያረጀሁ።

የመጣው ዘፈን ሲቆጠር አሥራ ሦስት ነበር።
አሥራ ሦስቱም ዝናብ።
«ወገን፣ ሌላ ነገር የለንም ወይ በዚህ አገር?»
ኬኔት አሰበበት፤ ሳለ፤ ጢሙን ዳሰሰ፤
«ጭቃ አለ» አለና ወደ መለከቱ ተመለሰ።

ለስቱዲዮ የሚከፈል የለም፤ እዚያው አዳራሹ ውስጥ ቀረጽን።
በጆሮ ማዳመጫዬ፣ ከግሌንዳ ትንፋሽ ኋላ፣ ከሳዙ ክር መሃል፣
ጠብ።
ባልዲው ነው። ሳይጠሩት ገብቶ ይዘፍናል።
ጠብ።
ፎጣ ደረብኩበት፤ ቦታ ቀየርኩለት፤
ለምኜውም አይቻለሁ፣ ማንም ሳያይ፣ በሌሊት።
ሦስት ሌሊት ሙሉ በኮምፒውተር ታገልኩት፤
እሱን ስቆርጥ አብሬ የሰው ድምፅ ቆረጥኩት።

ያኔ ነው ክላይቭ፣ ከሦስተኛው ፍራሽ፣
ብርድ ልብሱን እንደ ካባ ደርቦ የመጣ።
«እሱን ተወው» አለኝ፤ «የሚሳሳቱት ልጆቹ ናቸው።
ስድስት ክረምት ተኝቼበታለሁ፤ ልኩን አውቀዋለሁ።
ነፋስ ከባሕር ሲመጣ ይፈጥናል፣
እሁድ እሁድ ያረፍዳል፤
አሁን ግን ልክ ነው።»
ከባልዲው አጠገብ ተቀመጠ፣ በጣቱ አየር እየነካ።
መንትዮቹ አዩት። ተሳደቡ። ከዚያ ተከተሉት፤
ሁለቱ ባንድ ልብ ሲመቱ ያን ቀን ሰማን፤
እናታቸው እንዳለችው፣ ከማኅፀን ወዲህ የመጀመሪያቸው።

የኬኔት ዘፈን ቃል የለውም።
የወንድሙ መርከብ በሰሜን በረዶ ከቀረ ሃምሳ ዓመት አልፏል።
መለከቱ ከፍ ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል፤
እዚያች ክፍተት ውስጥ ነው ባልዲው የሚገባው፣
አንድ ጊዜ፣ ጠብ፣
ለቅሶ ቤት ገብቶ፣ ቃል ጠፍቶበት፣ ዝም ብሎ እንደሚቀመጥ ጎረቤት።

ሲዲው ታተመ። ሦስት መቶ አርባ ተሸጠ።
ግማሹን የሸጠው ሼርዛድ፣ ፀጉር ግማሽ ላይ ሳለ፣
መቀሱን አስቀምጦ «ትገዛለህ?» እያለ።
አናጢው መጣና ሒሳቡን በእርሳስ ሠራ፤
የደረሰው ገንዘብ ለግማሽ ጣራ።

ክላይቭን ከደረቁ በኩል አስተኛነው፣ በክብር።
በሁለተኛው ሌሊት ፍራሹን ሲጎትት አየሁት፣
ቀስ ብሎ፣ ወደ ድሮው ሰፈር።
«ዝም ሲል» አለኝ፣ «ሰዓቴ የቆመ ይመስለኛል።»

ትናንት ማክሰኞ ነበር። ግሌንዳ ከነጎማ ጫማዋ ገባች፤
«ሁለተኛ ሲዲ፣ ለቀረው ግማሽ» አለች።
«ስለ ምን?»
ሁላችንም ወደ ኬኔት ዞርን።

ሳለ።