ሦስት መቶ አሥራ ሁለት

ፍቅር ሐይቅ ነው መነሻዬ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ሰው ሳይበዛ፤
ሐይቁን በቀኜ ይዤ እሄዳለሁ፣ ግንባሬ እስኪወዛ።
አሞራ ገደል ስደርስ ሰዓቴ ክንዴ ላይ በራ፤
«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አቃጠልሽ» ሲል በአረንጓዴ ጎራ፤
እንደ ደረሰኝ ቁራጭ፣ ማኅተም ብቻ የቀረው፤
ወጪው ተጽፏል፤ ገቢው ነው ገና ያልታወቀው።

እኔ ገንዘብ ያዥ ነኝ፤ በውሃ ክፍያ መስኮት
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ስቆጥር፣ ስፈርም የኖርሁት፤
ጉድለት ተገኝቶብኝ አያውቅም፤ አምስት ሳንቲም አልበላሁም፤
ዛሬ ግን የገዛ ሥጋዬን ሒሳብ መዝጋት አልቻልሁም።

ዘይቱ ተንጫጫ ከመጥበሻው፤ ቆሮሶው ጎኑ ተተልትሎ
ወርቅ መስሎ ይወጣል፣ ቃሪያና ሎሚ አስከትሎ።
አንዱ ሙሉ ዓሣ ስንት ነው? በብር አይደለም፤ በዚያ በሌላው?
ከሦስት መቶው ቢበልጥስ፣ ልዩነቱን ማን ሊከፍለው?

«ስኳር በርሽን እያንኳኳ ነው» አለችኝ ሲስተር እልፍነሽ፤
«ስምንት ኪሎ ጣይ፤ የጣልሽውን ደግሞ ተመልሰሽ
አታንሺው። ያቃጠሉትን መልሶ መብላት ትርፉ ምንድን ነው?
ከሐይቁ ውሃ ቀድቶ፣ መልሶ ሐይቁ ውስጥ መድፋት ነው።»

ላታሞ ደግሞ፣ የስፖርት መምህሩ ጎረቤቴ፣
ባለፈው ወር አዙሮኝ ስወድቅ፣ ጾሜን ወጥቼ ከቤቴ፣
ደግፎ እያነሣኝ ተቆጣ፤ «ሞተር ያለ ነዳጅ
ይሄዳል እንዴ? ግማሹን ብዪ! ሰውነት ጠላት አይደል፣ ወዳጅ።
በወዝ መብላት ከአዳም ጀምሮ ነው» ብሎ ሙዝ ሰጠኝ።
ሙዙንም በላሁት። የት እንደምጽፈው ግን ጨነቀኝ።

ደግሞስ፣ ደረሰኝ ሁሉ መች ይታመናል?
ማክሰኞ በባጃጅ ስሄድ፣ ጉድጓዱ ሲያንገጫግጨኝ፣
አራት መቶ እርምጃ ቆጥሮ «ጎበዝ!» ብሎ አሞገሰኝ፤
እሑድ ለሙሽራ ሳጨበጭብ፣ ያንንም ጻፈው እርምጃ፤
እንዲህ ያለ ሒሳብ ማን ያወራርዳል፣ ያለ ማስረጃ?

እኔስ ብሆን! በማማሰያው ጫፍ «ጨው በቃው?» ብዬ የላስሁት፣
ከልጄ ሳህን ጠርዝ፣ «እንዳይጣል» ብዬ የለቀምሁት፣
እሱ በየትኛው መዝገብ ሰፈረ?
ሌባው ከሁለት ወገን ነበረ።

ካያሞ ጀልባውን አሰረ፤ ሌሊቱን ሲቀዝፍ አድሮ
ክንዱ ከመረቡ ጋር ደርቋል፣ እንደ ገመድ ተቋጥሮ።
«ስንት አቃጠልህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «የማን ቤት?» አለ ደንግጦ።
ሳስረዳው እስኪያስለው ሳቀ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ፤
የዓሣ ሾርባውን ፉት አለና፣ «እኔ ሲርበኝ እበላለሁ፤
አንቺስ፣ እትዬ፣ ርቦሻል?» አለኝ።
ዝም አልሁ።

ስንት እንደሆነ እንጂ፣ ይህን ራሴን ጠይቄው አላውቅም።
ጆሮዬን ወደ ሆዴ ላክሁት፤ መጀመሪያ ምንም አልሰማም፤
ቆይቶ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ረሃብ ይሁን፣ የዘይቱ ሽታ፣
ወይስ «ደክሜያለሁና ይገባኛል» የሚል የውስጥ አቤቱታ፣
መለየት አቃተኝ።

አባ ኮዳ ካጠገቤ፣ ከረጢቱን አንጠልጥሎ፣
የዓሣ አንጀት ይጠብቃል፣ እንደ ኦዲተር ቀጥ ብሎ።

ሾርባ አዘዝሁ። ከቆሮሶው ግማሹን፤ ያውም ቆዳውን ትቼ፤
(ዋሸሁ፤ ቆዳውንም በላሁት፣ ጥርሴ እስኪንኮሻኮሽ ዘግይቼ።)
ጅራቱን ለኦዲተሩ ወረወርሁ፤ ዋጠው፣ አልፈረመም።
ሰዓቱን ፈትቼ ኪሴ ከተትሁ፤ ስመለስ አልቆጠረም፤
ወይም ቆጥሮ ይሆናል፣ በጨለማ፤ አላየሁም።

ማታ ደብተሬን ገለጥሁና በግራ በኩል ጻፍሁበት፦
«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።» በቀኝ፦ «ግማሽ ዓሣ፣ ሾርባ፣ ዳቦ በላዩበት።»
ልዩነት ከሚለው ፊት ለፊት ብዕሬ ቆመ፤ ቦታው ነጭ እንደሆነ ቀረ።
በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዴ፣ ያልተመጣጠነ ሒሳብ ላይ
ስሜ ተፈረመ፤ ቀኑም ሰፈረ።