ላጲስ

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አዘዞ፣ ዘይት ፋብሪካ፣
የገባውን ስጽፍ ኖርኩ፣ የወጣውን ስለካ።
ጠርዙ በቁልፌ ዘለበት የተፋቀ ትልቅ መዝገብ፣
ካርቦን፣ እርሳስ፣ ቀይ ላጲስ፤
እጄ ኑግ ኑግ እንዳለ፣ ገጹም ዘይት ሲጠግብ።

ዘንድሮ ግን ሲስተም መጣ።
ናሆም የሚሉት ልጅ ይዞት፣ ቦርሳ ባንገቱ አንጠልጥሎ፣
«እማማ ጥሩወርቅ፣ ከእንግዲህ ወረቀት ቀረ» ብሎ።
እማማ አለኝ! አርባ ስምንቴን ሳልደፍን።

ወረቀቱማ አልቀረም።
ኦዲተሩ «ፊርማና ማኅተም ካላየሁ አላምንም» አለ።
እና ቀን በመዝገብ፣ ማታ በታብሌት፣
አንዱን ዘይት ሁለት ጊዜ ቆጥሬ እገባለሁ ቤት።
ኔትወርኩ ደግሞ መሬት አይወድም፤
ካልወጡበት በቀር የሰሊጥ ጆንያ ድርድር፣
ፊትን ወደ ጎሃ አዙሮ፣ እጅን ሽቅብ ሰድዶ፣ አያልፍም አንድ ቁጥር።
ስጦታው ከታች እያየኝ፣ «ስለት ነው?» ይላል።

የስጦታውን ነገር ልናገር።
የዛሬ ሰባት ዓመት፣ ልጁ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ፣
ሁለት ጀሪካን ጎደለ።
አየሁት። አየኝ።
ቁጥሩን አጥፍቼ «ፈሰሰ» ብዬ ጻፍኩ፣ በለስላሳ እርሳስ፤
ወረቀቱ ብቻ ሳሳ፣ ያለፈበት ይመስል ነፋስ።

ቅድስት አይደለሁም። ያው ላጲስ፣ በዚያው ሳምንት፣
የሥራ አስኪያጁን ሃያ ጀሪካን አጥፍቷል፣ በእኔው እጅ፣ በፍርሃት።
ላጲስ ምሕረትን ከሌብነት አይለይም፤
ጎማ ነው፤ ያሹትን ያጠፋል፤ «የማን ነው» ብሎ አይጠይቅም።

ናሆምን ጠየቅሁት፦ «ይሄ ነገርህ መሰረዣ የለው?»
ሳቀ። «ጥቅሙ እኮ እሱ ነው።»

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ጀሪካን ጎደለ፤
ስክሪኑ ደም መሰለ፣ «ልዩነት፦ አንድ» አለ።
ሳይመሽ ከዋናው መሥሪያ ቤት ስልክ ተደወለ።
ፈረቃው የማን ነበር? የስጦታው።
ታገደ። በቃ፣ ተጠቃለለ።

ዓርብ ሌሊት መብራት ጠፋ።
በሩ ላይ ያለው ሚዛን ዓይኑን ጨፈነ፤
ካሜራውም እንዳላየ ሆነ።
ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም፤ የናፍጣው ፊርማ የማን እንደሆነ አትጠይቁኝ።
አንድ አይሱዙ፣ ፋኖሱን ሳያበራ፣
ጎማው መሬት እስኪልስ ጭኖ፣ በዋናው በር ወጣ።
ቆጠርኩ። ከመቁጠር ሌላ ምን አውቃለሁ?

ጠዋት መብራት ሲመጣ፣ ሲስተሙ ለምለም አረንጓዴ።
ማንም ስላልነገረው፣
ዘይቱ በእሱ ቤት ዛሬም መደርደሪያው ላይ ነው።

ጆንያው ላይ ወጣሁ።
ከታች በኩል «አስተያየት» የሚል ጠባብ ሳጥን አለ፣
ሰው ሞልቶት የማያውቅ።
መነጽሬን አጠለቅሁ፤ በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል፦
ሰዓቱን። ታርጋውን። ብዛቱን።
ከዚያ ወርጄ ያው ነው፣ ያችን የስጦታውን አንድ ጀሪካንም አልተውኩም፤
የሰባት ዓመቷን ሁለትም፣ የእኔን እጅም።
ላጲሱ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ነካሁት።
«አስገባ» የሚለውን ተጫንኩት።

ጎሃ ላይ ደመና ተኝቷል።
ትንሿ ክብ መዞር ጀመረች፤
እጄን ሽቅብ እንደሰደድኩ፣
ትዞራለች፣
ትዞራለች።