ቀን ሳይቆረጥ

ሠላሳ አንድ ዓመት ከጣቢያው በር ቆሜ፣
ትኬት ስቆርጥ ኖርሁ እስኪጋመስ ዕድሜ።
ከንጋቱ ባቡር እስከ ሌቱ ድረስ፣
መቀሴ ቀጭ ቀጭ፣ ሰው ሲሄድ ሲመለስ።
ሰው በሌለ ጊዜም፣ ምቱ እንዳይጠፋብኝ፣
አየር እቆርጥ ነበር፣ ዝምታ ሲከብደኝ።
ኋላ ማሽን መጣ፣ በሩን ወሰደው፤
እጄ ብቻ ቀረ፣ መቁረጥ እንደራበው።

በመጋቢት መግቢያ፣ ከአንግዮ መንደር፣
ሞሚጂ ገዛሁኝ፣ ቁመቷ እስከ ከንፈር፤
ቅጠሏ የሕፃን መዳፍ ነው ቢሉኝም፣
ያኔ እምቡጥ ብቻ ነው፣ ጣትም አላየሁም።
ከሷ አስቀድሜ የገዛሁት መቀስ፣
ይወጣል ከኪሴ፣ ሊቀምስ ሊቀማምስ።
ተከልኋት። አጠጣሁ። ገና ሳይረጋ ሥሯ፣
ቀጭ! አልኋት በግራ፣ አልጥም ብሎኝ ዳሯ።
ከዚያ መንጠብ ያዘች፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ሌሊቱን፣
እንደ መንገደኛ ስቆጥር ጠብታውን።

ኩሜ መጣች ጠዋት፣ ችግኙን የሸጠችኝ፣
ሰላምታም ሳትሰጠኝ መቀሴን ነጠቀችኝ።
“ቅርንጫፍ ከመቁረጥ ቀን መቁረጥ ይቀድማል፤
ሥር ያልያዘን እንግዳ ማን ‘ተነሥ’ ይለዋል?
ቅጠሏ ስንቋ ነው፤ ቆርጠህ ስትጥልባት፣
አፈሩን ሳትለምድ ምን ትብላ? ምን አላት?
የሞተውን ልቀም፣ ስብራቱን አንሣ፤
ሕያው ሆኖ ቢጣመም፣ እጅህ እንዳይነሣ።
ውሃዋ ወደ ላይ ሲወጣ አትንካት፤
ቅጠሏ ረግፎ እንቅልፍ ሲጥላት፣
በኅዳር ማብቂያ፣ በሦስተኛው ዓመት፣
ያኔ ጥራኝ” አለች፤ “እስከዚያ ተዋት።”
“እስከዚያ ብሞትስ?” አልሁ፣ ሰባ ሁለት ሞልቶኝ።
“እሷ አትሙት እንጂ!” ብላ ሳቀችብኝ።

መቀሴን ሸጉጣ በመቀነቷ ሥር፣
ሄደች በብስክሌት፤ ቀረሁ ከዛፏ ጋር።

ሌሊት ሌሊት እጄ ብርድ ልብሱን ይቆርጣል፣
ቀጭ የሚል የለም እንጂ፣ ጣቴ ይገጥማል።
ሚያዝያ ላይ ቅጠሏ ወጣ፤ እውነትም መዳፍ ነው፤
ትኬቱን ዘርግቶ ወረፋ የቆመ ሰው።
እኔ ባዶ እጄን ነኝ። “እለፉ” አልኋቸው፤
አንድም ሳልቆርጥባቸው ነው ያሳለፍኋቸው።
የመጋቢቱ ቁስል ዙሪያው አብጦ ዳነ፤
መቀሴ ያልደረሰው ጎን ጥላዬ ሆነ።

ይኸው ሁለተኛው ኅዳር። አንዲት የደረቀች
ጭራሮ፣ በጣቴ ስነካት፣ ቀጭ! ብላ ወደቀች።
እንዳገለገለ ትኬት ከኪሴ ውስጥ ናት።

ለኩሜ ደወልሁ፤ ልጇ ነው ያነሣው፤
“ተኝታለች” አለኝ፤ ድምፁ የሚያሳሳ ነው።
“ስትነቃ ንገራት፤ አንድ ዓመት ይቀረናል።
መቀሱ እሷ ጋ ነው። ቀን ተቆርጦልናል።”