ደንብ ቁጥር ሰባት

አንቶፋጋስታ ላይ፣ ከወደቡ በላይ፣
ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የኦዲላ ሰማይ።
ወረቀት ዘርግታ፣ እርሳስ ይዛ ማታ
ፕላኔት ትሠራለች፣ ለጨዋታ።
ባለ ስድስት ጎን ነው የመሬቱ ስፍር፣
ማር እንጀራ መሳይ፣ ማርም አየርም የሌለው አገር።

«ቀይ ሜዳ እንዴት ይሣላል?» ብላ አልተጨነቀች፤
ከከተማዋ ጀርባ ካለው በረሃ ቀዳች፦
ዝናብን በወሬ የሚያውቅ ድንጋይ፣
የሰባ ዓመት የጎማ ዱካ፣ ትናንት የታተመ መሳይ፣
የናይትሬት ማዕድን ሰፈር፣ ጣሪያው የተገፈፈ፣
ሰው ቆፍሮት፣ ሸጦት፣ ጥሎት ያለፈ።

የመነሻውን ገጽ ጻፈች፦
አርባ ሰፋሪዎች፣ አሥራ ሁለት ጋን ውሃ፣
ዙሪያውን ባለቤት አልባ በረሃ…
«ባለቤት አልባ» የሚለውን ፋቀች።
ይህን ቃል ታውቀዋለች፤
የእናቷ ወገኖች ላማ ሲያግዱ በኖሩበት ሸለቆ
አንድ ቀን ማኅተም ታትሞበት የመጣ ቃል ነው።
አንድ መቆፈሪያ። አንድ የመስታወት ጎጆ፣ ለድንች።
የሚቀጥለው መርከብ በሃያኛው ዙር።

ቅዳሜ ዋልዶ መጣ፣ የዓሣ ነጋዴው ልጅ፣
ዳይሱ ሳይወድቅ ውጤቱን የሚያውጅ።
በአራተኛው ዙር የምሥራቁን መጠለያ
ቧንቧ ዘጋ።
አሥራ አንድ የእንጨት ችንካር፣ አሥራ አንድ ሰው
ለቅሞ ወደ ሳጥኑ መለሰው።
በዘጠነኛው ዙር አሸነፈ።
«ጨካኝ ነህ» አለችው።
«እኔ ምን አደረግሁ? ደንብሽን ነው ያነበብኩት፤
የተከፈተ በር ገባሁ እንጂ የዘጋሽውን አልሰበርኩት።»

እውነቱን ነው።
ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።
መሳቢያዋ ውስጥ፣ ከመርፌና ከክር ጋር፣
መሐሉ የተበሳ አንድ የናስ ቁራጭ ነበር፤
የቅድመ አያቷ ደመወዝ፣ ከዚያ ሰፈር።
በኩባንያው ሱቅ ብቻ የሚሠራ፣
ዙሪያውን «ለአንድ ባልዲ ውሃ» የሚል የተጻፈበት።
ከሱቁ ደጅ ሲወጡ ዋጋ የለውም፤
(ዕዳውን ጨርሶ ከዚያ ደጅ ማን ወጥቶ!)
እዚያም ደንብ የሚያነብ አንድ ሰው ነበር፤
ቧንቧ ሲዘጋ የእሱም ሒሳብ ልክ ነበር።

ለችንካሮቹ ስም አወጣች፦
ኤውዶሲያ፣ ኦኖፍሬ፣ ግሪሴልዳ፣ ቴልሞ…
«ከካርታው ስታነሣቸው በስማቸው ጥራ» ብላ ደነገገች።
ዋልዶ ጠራ።
ጠዋት ጠዋት ሰልችቶት ስም እንደሚጠራ አስተማሪ፣
አሥራ አንዱንም በአንድ ትንፋሽ።
አሁንም ዘጠነኛው ዙር ላይ አሸነፈ።
ስም መጥራትም ለካ ይለመዳል።

በሦስተኛው ሳምንት ደንብ ቁጥር ሰባት ተጻፈ፦
«ጨዋታው ሳይጀመር አርባ ካርድ ይበወዛል።
አንዱን ታነሣለህ፤ ሳታየው ደፍተህ ታስቀምጠዋለህ።
ከአርባዎቹ አንዱ አንተ ነህ።
ማን እንደሆንክ፣ የት እንደምታድር
ጨዋታው ሲያልቅ ታውቃለህ።»

ዋልዶ ሳቀ። ተጫወተ።
በአራተኛው ዙር እጁ ወደ ቧንቧው ሄደች፤
ቆመች፤ ጠረጴዛውን ደጋግማ መታች።
«ከአርባ አሥራ አንድ» አለ ለራሱ፣
መዘነው፣ ዘጋው።
በዘጠነኛው ዙር ካርዱን ገለበጠ።
ኤውዶሲያ። የምሥራቅ መጠለያ።
«አሸንፌያለሁ እኮ» አለ።
«አዎ።»
«ሞቻለሁም ማለት ነው።»
«ከአምስት ዙር በፊት።»
«ታዲያ ነጥቡ ለማን ይቆጠራል?»
ይህን አላሰበችበትም።

ከታች መርከብ ጮኸ። የባሕሩ ጉም
ዳገቱን ወጥቶ መስኮቱ ላይ ተለጠፈ፤
ጠብ አላለም።
ዋልዶ የናሱን ቁራጭ አነሣ
(ማን እንደሚጀምር ማመልከቻ አድርጋዋለች)፣
በቀዳዳው አጮልቆ ውጭውን አየ።
«ይሄ ምን ይገዛ ነበር?»
«አንድ ባልዲ ውሃ።»
«ትልቅ ባልዲ?»
ኦዲላ እርሳሷን ትቀርጻለች።
ሽራፊው ካርታው ላይ ይወድቃል፣ በምሥራቅ በኩል፣
ስም ባልወጣለት ቦታ።
«እንደገና በውዢ» አላት።