ፊደል ለቃሚው

የቦዩ ውሃ ሲረጋ በበረዶ፣
የፕሩሲያ ጭፍራ በድልድዩ ማግዶ፣
ብርቱካንማ ጥብጣብ ያልታየ በኮቱ
ሲወቃ ነበረ ተጎትቶ ከቤቱ።
እኛ ግን በሌሊት መስኮቱን ጋርደን፣
በመበለቷ ምድር ቤት፣ ላይደን፣
ከባሕር ማዶ የደረሰን ሕግ
እንለቅማለን፣ ያለ ሳቅ፣ ያለ ወግ።

ሄይልኬ ገጹን ይዛ ቃሉን ስትጠራ
ፊደሉ ይቆማል ተዘቅዝቆ በተራ።
ቀለም ቀቢው ኮጆ፣ የሱሪናም ልጅ፣
ያደምጣል ዝም ብሎ፣ የቆዳ ኳስ በእጅ።

ሕጉስ ሕግ ነበረ!
አንዱ ሊደነግግ፣ አንዱ ሊያስፈጽመው፣
ሦስተኛው ሊዳኝ፣ ሌላው ቢያጣምመው፤
ንጉሥ እንዳይበቅል ከማንም ወንበር ሥር
ሥልጣን ተከፋፍሎ እርስ በርሱ ሲታሰር።
ሄይልኬ አለቀሰች። ባሏ የሞተበት
«ገዥም ይጠየቅ» ነው፤ ሌላ ጥፋት የለበት።

መቅድሙ ላይ ደግሞ «ነጻነት» በዝቶ
አንድ ፊደል ቸገረኝ፣ ከሳጥኑ ጠፍቶ፤
ከትናንቱ ማስታወቂያ ፈትቼ አመጣሁ፣
«እርሻ፣ ከነባሪያው» ከሚለው ላይ አወጣሁ።

እርሳስ ምን ቸገረው? ሁለቱንም ይላል።

ከዚያ ነው የሄይልኬ ድምፅ የሰለለው፦
«እንደራሴ ሲመደብ፣ ሕዝቡ ሲቆጠር፣
ነጻው ሰው በሙሉ…
‹ሌሎቹ ሰዎች› ግን…
ከአምስት ሦስት።»

ሥልጣንን ለሦስት፣
ሰውን ግን ለአምስት!

ኮጆ ፊደል አልቆጠረም።
ጣት ግን ይቆጥራል።
እጁን ዘረጋና ለሻማው አሳየ፤
«እሜቴ፣ ከነዚህ የቱ ከሰው ተለየ?
ሁለቱን ልጠፍ እሺ፤ ንገሪኝ፣ የትኞቹን?»
መልስ አልሰጠችውም። አየች ጣቶቹን።
እኔም አየሁ፤
ሃያ ዓመት ፊደል የለቀምሁ ሰውዬ
እስከ አምስት መቁጠር አቃተኝ፣ ጌታዬ።

ቅጹን አላፈረስነውም፤ ልዋሽ አልችልም።
ሦስት መቶ ቅጂ ጎህ ሳይቀድ አተምን፣
በአይብ በርሜል ውስጥ፣ በጭድ ሸፍነን፣
በጀልባ ሸኘን።
ደግ ሕግ ነው ብዬ ነበር፤ ዛሬም እላለሁ፤
እንደዚያ ያለ ቃል መቼ ለቅሜ አውቃለሁ?

አንዱ ቅጂ ግን እኔ ጋ ቀረ፣
ሄይልኬ ሳታይ የተሰወረ፤
በኅዳጉ ላይ አምስት ጣት ከነመዳፉ፣
አንድም ሳይታጠፍ፣ በቀለም የተጻፉ።

«ምንድን ነው ይኸ እድፍ?» ይለኛል የገባ ሁሉ።
«እርማት ነው» እላለሁ።
«ገና ያልገባ።»