ቁረጥ

የወረቀት ፋብሪካው በሩ ከታሸገ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት፣
ጭስ ማውጫው አናት ላይ እርግብ ቤት ሠርታበት፣
ሦስት ነጭ የጭነት መኪና የኦሃዮን ወንዝ ተሻግሮ ሚልበርን ገባ፤
ሽቦ፣ መብራት፣ ካሜራ፣ አንድ ሳጥን ሙሉ የፕላስቲክ አበባ።

«ፊልም ልንሠራ ነው» አሉ፣ «የእናንተን ነገር፣
ስለ ሥራ ማጣት፣ ስለ ክኒን፣ ልጆቿን ቀብራ ስለጨረሰች መንደር።»
የዋኔታ ክራውዘርን ማድ ቤት አይተው ወደዱት፤
ለአሥራ አንድ ቀን ኪራይ የሁለት ወር ዕዳዋን ከፈሉበት።

ግን ቤቱ አልደኸየላቸውም።
ፈትጋ ያነጣችውን ግድግዳ ጥላሸት ቀቡት፤
ጣሪያው ላይ በሻይ ውሃ የዝናብ ፍሳሽ ሣሉበት።
መጋረጃዋን አውርደው የተቀደደ ሰቀሉ፤
«ይቅርታ፣ እውነት የሚመስለው እንዲህ ሲሆን ነው» አሉ።

እሷንም ቀጠሯት፤ በቀን ሰማንያ ዶላር፣
ጎረቤት መስላ ሳህን እንድታጥብ፣ ከኋላ፣ ከቧንቧው ዳር።
እናት የሆነችው ሌላ ናት፤ ከሩቅ የመጣች፣ ቆዳዋ የለሰለሰ፣
ልጇ በጽሑፍ የሞተባት፣ እንባዋ በጠብታ የፈሰሰ።

ዋኔታ ስለ ኮርቢን ትንፍሽ አላለችም።
እዚያው ወለል ላይ፣ በየካቲት ጠዋት፣ ተደፍቶ ስታገኘው አልጮኸችም።

ተዋናይቱ ጮኸች። ተንበረከከች። ወለሉን ደበደበች።
«ቁረጥ!»
እንደገና ጮኸች።
«ቁረጥ!»
በሰባተኛው ላይ ዳይሬክተሩ፣ ለጋ ልጅ፣ ጺሙ ገና ያልሞላ፣
ወደ ዋኔታ ዞሮ፦ «እባክዎ፣ ትንሽ ያዝኑልኛል? እዚያ፣ ከኋላ?»

እጇን አደረቀች። አየችው። ሳህኑን መልሳ አነሳች።
«ያለኝ ይኸው ነው» አለች።
«ቁረጥ!»

ይህን ቃል ታውቀዋለች።
ፋብሪካው ደመወዝ ሲቆርጥ።
ባሏ ሎይድ የቴክሳስ ትኬት ሲቆርጥ፤ የአንድ ሰው፣ የመሄጃ ብቻ።
የመብራት ድርጅቱ በታኅሣሥ በረዶ መስመሯን ሲቆርጥ።
ወገቡን ማሽን የሰበረው ልጇን ሐኪሙ ከክኒን ጋር አስተዋውቆ፣
አስለምዶ፣ አስለምዶ፣ አንድ ማክሰኞ ድንገት ሲቆርጥበት፤
ልጁም የጎደለውን ከመንገድ ዳር ሲገዛ።
በኋላም ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ነርሷ ቁርጡን ስትነግራት።
ሁሉ ቆርጦ ሲያበቃ እሷ ያልቆረጠችው አንድ ነገር ቀረ፤
ስሙን አትጠራውም። ሳህን ታጥባለች።

ሄዱ። የተሣለው ፍሳሽ ጣሪያው ላይ ቀረ።
በመጋቢት ዝናብ ጣለ፤ እውነተኛውም ከጎኑ፣ ስንዝር ርቆ፣ ወረደ።
ቡናማ አልነበረም፤ ቢጫ ነበረ።

ፊልሙ የመጣው በሁለተኛው መኸር ነው።
አሮጌውን ሲኒማ ቤት ለአንድ ሌሊት ከፈቱት፤ ወንበሩን በኮምጣጤ አጠቡት።
ሰዉ በማይሳቅበት ሳቀ፦
«ድልድዩ እኮ በዚያ በኩል አይደለም!»
«ውሻዬ! ያቺ የኔ ውሻ ናት!»

ከዚያ ማድ ቤቱ መጣ። ጩኸቱ መጣ።
ዋኔታ ራሷን ፈለገች፤ ተቆርጣለች።
አንድ ክርን፣ ከዳር። የቧንቧ ውሃ ድምፅ።
ዴልበርት ስቶከር በጨለማው ጠጋ ብሎ፦ «ክርኑ ያንቺ ነው?»
«የኔ ነው።»

ከክርኑ በላይ ግን የበሩ መቃን፣
በእርሳስ የተጫረ፦ አራት ዓመቱ፣ ስድስት፣ ዘጠኝ፣
አሥራ ሦስት ላይ ትከሻዋን ያለፈበት፤
ጭረት በጭረት ወደ ላይ የሚያድግ ልጅ፣
ቀለም ቀቢዎቹ እነሱ የሣሉት መስሏቸው የተዉት።

ሁለት ሰከንድ ቆየ።
ማንም አላየውም፤
ስለዚህ ማንም አልቆረጠውም።