ተመላሽ

ስሜ ዝድራቭካ ነው፤ ሲፈቱት «ጤና» ነው፣
አባቴ ሲያወጣው ቀልድ አልነበረው፤
አሁን ግን በየዕለቱ እኔው እስቃለሁ፣
ጤና ተብዬ እንጀራዬን ከመርዝ እቆርሳለሁ።

ሥራዬ ድንበር ላይ፣ ከማሪጻ ማዶ፣
የመኪናው ሰልፍ ተጋድሞ እንደ ዘንዶ፤
ናፍጣ ይሸታል፣ የከረመ ሻይ፣
ሾፌሮች ያንቀላፋሉ መሪያቸው ላይ።

ማክሰኞ ሌሊት የደረሰው ሪፍኪ ይባላል፣
ጺሙ ሸብቷል፣ ሲናገር ያስላል፤
ሃያ ሁለት ቶን ቀይ ቃሪያ ጭኖ
ከሜርሲን ተነስቷል፣ በጎማው ተማምኖ።
ሳጥኑን ስከፍት ቅላቱ ፊቴ ላይ አረፈ፤
ምን አይቶ ይሆን ትሉ፣ በሩቁ ያለፈ?

አንድ ኪሎ ወሰድኩ። ከተፍኩ፣ በበረዶ ፈጨሁ፣
ጨው ነሰነስኩበት፣ አሾርኩት፣ አጠለልኩት።
ወጥ ለሚሠራ ሰው እንግዳ አይደለም፤
ከዚህ ማጀት ግን የሚቀምስ የለም።

የሚቀምሰው ማሽኑ ነው። ምላሱ አንዲት መስመር ናት፣
ጸጥ ብላ የምትሄድ፣ እንደ ሜዳ የምታሰለች፤
ድንገት ሹል ተራራ አበቀለች።

ክሎርፒሪፎስ።

ልኩ ዜሮ ነጥብ ዜሮ አንድ፤
ያገኘሁት ዜሮ ነጥብ አንድ አራት።
ደግሜ ለካሁ። ማሽን ይሳሳታል ብዬ፣
ወይ ውሃው፣ ወይ እጄ።
ተራራው ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

በሪፍኪ ቋንቋም ስሙ «መድኃኒት» ነው አሉ፤
ገበሬው ሲረጭ «መድኃኒት ሰጠሁት» ይላል፣ እንደ ታመመ ልጅ ሁሉ።
መድኃኒት! በሽተኛውን ትቶ ከሚበላው ጋር የሚቀር፣
ታጥቦ ተወልውሎም ቆዳ ሥር የሚያድር።

ሐሙስ ጠዋት ማኅተሙን መታሁ፦ ተመላሽ።
ሪፍኪ ወረቀቱን ገልብጦ አየው፣
ከጀርባው ሌላ መልስ የተጻፈ ይመስል።
«እህቴ፣» አለኝ በተሰባበረ ቡልጋርኛ፣
«ለእናንተ ሆድ መርዝ የሆነው፣ ምንድን ነው ለእኛ?»

«ወይ ይቃጠላል፣ ወይ ወደ መጣበት ይመለሳል፣» አልኩት።
መመሪያው እንደዚያ ይላል። ገጹንም አውቀዋለሁ።

«የሚያቃጥለው ማን ነው? ጌታው ሳጥኑን ቆጥሮ ነው የሰጠኝ።
እሁድ ገበያ ይወጣል። ሚስቴም ከዚያው ነው የምትገዛው፣
ተመላሽ ዕቃ እኮ ነው፣ ከሁሉ የሚረክሰው።
ሩዝ ትሞላዋለች። ትንሿ፣ ኔቭራ፣
መጀመሪያ ክዳኑን ነው የምትበላው፤ እንደ ባርኔጣ ታነሣውና።»

ይህን ሲል ሳቀ። ከዚያ ሳል ያዘው፤
ውሃ ሰጠሁት፣ ቆሞ ጠጣው።
እኔ ምን እላለሁ? የኔ ማሽን
ወደዚህ የሚገባውን እንጂ
ወደዚያ የሚወጣውን አይቀምስም።
ልኩን አውቀዋለሁ፣ እስከ ሦስተኛው አኃዝ ድረስ፤
ልክ መሆኑን ግን እንጃ።

መኪናው ዞረ። የኋላ መብራቱ፣
ሁለት ቀያይ ቃሪያ፣ ከጭጋጉ ገባ።
ሰልፉ አንድ እርምጃ ቀረበ።
ቀጣዩ ሎሚ ነበር።

የዕረፍቴ ቀን ስቪለንግራድ ገበያ ወጣሁ፤
ቫንዮ ቃሪያውን በሸሚዙ እየወለወለ ይደረድራል።
«ከየት ነው?» አልኩት። «ከአገር ቤት!» አለ፣ ዓይኑን ሳያነሣ፤
«አንድ ትል ካገኘሽበት ገንዘብሽን እመልሳለሁ።»
«ትል ያለበት የለህም?» አልኩት።
አብዳለች ብሎ ለጎረቤቱ ጠቀሰው።

ግማሽ ኪሎ ገዛሁ፤ ሰው መቼም ይበላል።
ከቧንቧው ሥር ቆሜ ሦስት ጊዜ አጠብኩት፣
እንደማይለቅ እያወቅሁ፣
ውሃው እስኪቀዘቅዝ፣ ጣቴ እስኪደነዝዝ።

ቀኑ እሁድ ነበር።